መዳሰሻ ላይ የቆመው አውቶቡስ

የማወራው ስለ ጎማ ነው፤ ስለ ጎማ ብቻ። በመሀል ሌላ ነገር የሰማ ሰው ካለ ከገዛ ጆሮው ይፋረድ፤ እኔ የለሁበትም።

ብርድ አምባ ከላይ ደጋው ላይ ናት፤ ዋርካ ሜዳ ከታች ቆላው ውስጥ። በሁለቱ መሀል ገደል አለ፤ መንገዱም ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰውን አውቶቡስ ያመጣው የሁለቱ ከተማ ሰው ማኅበር አቋቁሞ ነው። አውቶቡሱ አሮጌ ነው። የተሳፈረበት ያውቀዋል፤ ያልተሳፈረበትም ከሩቅ ሲያጉረመርም ይሰማዋል።

ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል አንድ ጠፍ ሜዳ አለ፤ ስሙ መዳሰሻ ይባላል። በዚያ መንገድ የሚነዳ ሹፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል። ይወርድና መኪናውን ዞሮ የየጎማውን ሞዞ በመዳፉ ይዳስሳል። ሞዞ የጎማው እምብርት ነው። ሰው የሚያየው የሚሽከረከረውን ጎማና የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ ነው፤ ጭነቱ የሚያርፈው ግን ሞዞው ላይ ነው። በሞዞው ሆድ ውስጥ ኩሽኔታ አለ። በኩሽኔታው ውስጥ ደቃቅ ብረቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ግራሶ ለብሰው፣ ጨለማ ውስጥ ይንከባለላሉ። ሹፌሩንም፣ ሻንጣውንም፣ ጣራ ላይ የታሰረውን በግም የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ማንም አይቷቸው አያውቅም። ማንም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሏቸው አያውቅም።

ሞዞው ለብ ካለ ጤና ነው። እጅ የሚያስመልስ ከሆነ ግን ቁልቁለቱ አይወረድም። ደግሞ የሹፌር እጅ ብቻውን አይታመንም፤ መሪ ሲይዝ የኖረ መዳፍ ይደድራል፣ የደደረ መዳፍ ቃጠሎ አይሰማውም። ስለዚህ ከተሳፋሪው አንድ ሰው ወርዶ ከሹፌሩ በኋላ ይዳስሳል። ሁለቱ እጆች ካልተስማሙ የሚታመነው የተሳፋሪው ነው። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አይታወቅም። የሻረውም አልነበረም፣ አቶ ልዑልሰገድ የማኅበሩ ሊቀመንበር እስኪሆኑ ድረስ።

አቶ ልዑልሰገድ ከሰማይ አልወረዱም። በዚሁ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥለው «ዋርካ ሜዳ የሞላ» እያሉ ሲጮኹ ያደጉ ረዳት ነበሩ። ሹፌሩ ያኔም ደምለው ነበር፤ «ጋሼ» ይሉት ነበር። ከዚያ ሹፌር ሆኑ፣ ከዚያ የኮሚቴ አባል፣ ከዚያ ወንበሩ መጣ። ከወንበሩ በኋላ «ጋሼ» የሚለው ቃል ጠፋቸው፤ «ደምለው» ብቻ ቀረ። ደምለውም ነገር አላበዛም፣ «እርስዎ» ማለት ጀመረ። እኔም ደምለውን «አለ» እያልኩ፣ እሳቸውን «አሉ» እያልኩ የማወራው ከማክበር እንዳይመስላችሁ። የቀረበኝን እንደቀረበኝ፣ የራቀኝን እንደራቀኝ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ከላይ እንግዶች መጡ። አቶ ልዑልሰገድ በአውቶቡሱ አሳፍረው ከተማውን ሲያዞሯቸው ከእንግዶቹ አንዱ ጆሮውን ቀና አድርጎ፣

«ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?» አለ።

«ንፋስ ነው» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

ንፋስ አልነበረም፤ ጎማው ነበር። ያ አውቶቡስ ሲሄድ ማጉረምረም ልማዱ ነው። ጭነት ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል፣ መንገዱ ሲከፋ ይቆራረጣል፣ ግራሶው ሲያልቅ ያፏጫል። ደምለው ከድምፁ ይረዳ ነበር፤ የቱ ጎማ ምን እንደጎደለው ሳይወርድ ያውቃል። አቶ ልዑልሰገድም ድሮ ያውቁ ነበር። አሁን ግን አፈሩበት። እንግዶቹን እንደሸኙ የማኅበሩን መካኒክ ስጦታውን አስጠሩት።

«ድምፁን አጥፋልኝ» አሉት።

«ሞዞዎቹን ከፍቼ ልያቸው?»

«መክፈት ምን ያደርጋል? የሚጮኸው የላላ ነገር ነው። አጥብቀው።»

ስጦታው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የሞዞ አሠራር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሞዞውን በቦታው የሚይዝ ዳዶ የሚባል መቆለፊያ አለ። ዳዶው መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ከዚያ ጥቂት ይመለሳል። ያቺ የምትመለሰው ጥቂት ነገር የሥራው ሁሉ ቁም ነገር ናት። ኩሽኔታው የሚተነፍሰው በእሷ ነው። ካልተመለሰለት ብረት ብረትን እያነቀ ይዞራል። ስጦታው ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሊቀመንበሩን ፊት አየና መልሶ ዘጋው። ልጆች አሉት፤ ምን ያድርግ። ሄዶ ሁሉንም ዳዶ አጠበቀ። ምናልባት ያግዝ እንደሆን ብሎ ደግሞ ሞዞዎቹን እስከ አፋቸው በግራሶ ጠቀጠቃቸው። ግራሶ በልኩ ሲሆን ያለሰልሳል፣ ሲጠቀጠቅ ያፍናል። እሱንም ያውቅ ነበር።

አውቶቡሱ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀለም ተቀባ፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ አዲስ ራዲዮ ገባለት። አቶ ልዑልሰገድ መናኸሪያው መሀል ቆመው፣ «ሰምታችኋል? ምንም አይሰማም። ሰላም ማለት ይኸ ነው» አሉ። አጨበጨብን። የሚያጨበጭብ ሰው መቼ ጠፍቶ ያውቃል።

ጎማው ግን አልተስማማም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህን ያለ ሰው የጠበቀ ኩሽኔታ አያውቅም።

በማግስቱ አዲስ ትእዛዝ ወጣ። መዳሰሻ ላይ መቆም ቀረ፤ ተሳፋሪ ያስፈራል፣ ሰዓት ይገድላል፣ ባለ መጋረጃ መኪና ቆሞ ሲዳሰስ መታየቱም ያሳፍራል ተባለ። አቶ ልዑልሰገድ ጸጥታውን በጆሯቸው እየሰሙ ዋርካ ሜዳ ድረስ ሊወርዱ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ያዙ። ስጦታውም «አብረህ ሂድ፣ ሥራህን እይ» ተብሎ ከኋላ፣ ከእኔ አጠገብ ተሳፈረ።

ከበሩ ቀጥሎ፣ ከፊተኛው ቀኝ ጎማ በላይ ያለው ወንበር የእትዬ እማዋይሽ ነው። ጌሾ ነጋዴ ናት፤ በዚያ ወንበር ስንት ዘመን እንደተመላለሰች እሷም አታውቀው። ያ ወንበር ይነጥራል፣ አቧራ ይገባበታል፣ ድምፁ ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። ማንም ስለማይፈልገው የሷ ሆነ። መዳሰሻ ላይ ከሹፌሩ በኋላ የምትዳስሰውም እሷ ነበረች።

ብርድ አምባን ለቀው ሜዳውን ሲያጋምሱ እማዋይሽ እግሯን አነሳች። ትንሽ ቆይታ እግሯ ሥር የነበረውን የጌሾ ከረጢት ወደ ጭኗ አወጣችው።

«ደምለው» አለች፣ «እዚህ ታች እሳት አንድዳችኋል እንዴ?»

«ፀሐዩ ነው» አሉ አቶ ልዑልሰገድ ሳይዞሩ።

«ፀሐይ ከመሬት በታች መውጣት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው ልጄ?»

ሰው ሳቀ። አቶ ልዑልሰገድ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

ደምለው አልሳቀም። ከብርድ አምባ ጀምሮ ጆሮው ባዶ ሆኖበት ነበር። አብሮት ያረጀ ድምፅ ድንገት ጠፍቶ ከራዲዮው በታች ምንም የለም። የሚያጉረመርም ጎማ የሚለው ነገር አለው፤ ዝም ያለውን ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ከዚያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ። ያንን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሹፌር በሕልሙም አይረሳው። መዳሰሻ ከፊት ታየች፤ ከመዳሰሻ ወዲያ ቁልቁለቱ ነው። ደምለው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እለፍ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

«መዳሰሻ ነው።»

«መዳሰሻ የሚባል ፌርማታ የለንም። እለፍ።»

«ይሸታል ሊቀመንበር።»

«ደምለው፣ እዚህ ከቆምክ ከዚህ መሪ ላይ የምትወርደው ዛሬ ነው። ሰው ሁሉ ይስማ፣ ዛሬ ነው።»

ደምለው ከመንዳት ሌላ ሙያ የለውም። ቤቱ የሚያድረው በዚያ መሪ ነው። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። አውቶቡሱ ሙሉ ነው፤ ከፊሉ ተኝቷል፣ አንዷ ልጅ ታጠባለች፣ ሽማግሌዎቹ ያወጋሉ። ሁሉም እሱን አምነው ነው የተቀመጡት። ፈራ፣ ለመሪውም ለእንጀራውም ፈራ። እየፈራ ወደ ዳር ያዘና አቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወረደ።

አቶ ልዑልሰገድ ብድግ አሉ። «ማንም እንዳይወርድ። የታዘዘ ነገር ነው፣ ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ።»

«እኔ እንኳ ወገቤ ተያዘብኝና ልፍታታ ነው» አለች እማዋይሽ። ከረጢቷን ይዛ ተነሳች። ስታልፍ የሹፌሩን ጎን ወንበር ባዶ ስላገኘችው ጌሾዋን እዚያ ላይ አስቀመጠችና፣ «ጌሾ ሙቀት አይወድም» ብላ ወረደች።

ከኋላዋ አንዱ ሽንቴ መጣ ብሎ ወረደ። አንዱ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ አለ። የምታጠባዋ ልጁን ንፋስ ላስነካው አለች። ሽማግሌዎቹ የጸሎት ሰዓት ደረሰብን አሉ፤ የቱ ጸሎት እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። «እምቢ» ያለ አንድ ሰው የለም፤ ተቀምጦ የቀረም አንድ ሰው የለም። ስጦታው ከሁሉ በኋላ፣ መሬት መሬት እያየ ወረደ።

ደምለው ሞዞውን ዳሰሰና እጁን መለሰ። የደምለው እጅ ከተመለሰ የሌላውን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ ሥርዓት ነውና እማዋይሽ ቀረበች። ገና ሳትነካው ወላፈኑ ተቀበላት። ከዚያ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ መዳፉን ራቅ አድርጎ አየው። እያንዳንዱ ያንን ግለት በመዳፉ ይዞ ሄዶ ቁልቁለቱን አየና ተመለሰ።

«ስጦታው» አለች እማዋይሽ፣ «ምን አደረግኸው?»

«አጥብቅ ተባልኩ፣ አጠበቅኩ።»

«ሊፈነዳ እንደሚችል አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ስጦታው። ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም።

አንዱ ጎልማሳ ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ሊደፋበት ሮጠ። ደምለው ያዘው። «የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህ ይሰነጠቃል። እኛ ያቃጠልነውን እኛ በአንድ ጀሪካን አናበርደውም። በራሱ ጊዜ ነው የሚበርደው።»

አቶ ልዑልሰገድ ይህን ሁሉ በበሩ በኩል አዩ። መውረድ ግን መሸነፍ መሰላቸው። ሄደው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ አንገታቸውንም በመስኮት አወጡ።

«ቁልፉን አምጣ።»

«ቁልፉ ከሞዞው በኋላ ነው» አለ ደምለው።

«እኔ እነዳዋለሁ። መንዳት አንተ ብቻ የምትችል መሰለህ?»

«እንደሚችሉማ አውቃለሁ። ያስተማርኩዎ እኔ አይደለሁም እንዴ።»

አቶ ልዑልሰገድ ክላክሱን ተጫኑት። ገደሉ ድምፁን እየተቀበለ መለሰው። ታች ያሉት ግን ሥራ ይዘው ነበር። ጎልማሶቹ ድንጋይ አምጥተው የቀሩትን ጎማዎች ታኮ አደረጉባቸው፤ ስጦታው ክሪኩን አምጥቶ ከፊተኛው ቀኝ በኩል አስገባው። ማንም ሳያዘው ነው። የጎማውን ብሎኖች ፈታ፣ ከዚያ መኪናውን ከነሊቀመንበሩ ወደ ላይ አነሱት።

አቶ ልዑልሰገድ ወንበራቸው ሲነቃነቅ ተሰማቸው። ሕዝቡ መሳፈር የጀመረ መሰላቸውና ፊታቸው ፈታ አለ። «እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ቀና ብለው በመስታወቱ ቢያዩ መጋረጃውና ባዶ ወንበር ነው። በንዴት መሪውን ወደ ግራ አዞሩት፣ ወደ ቀኝ አዞሩት። ከታች፣ ጎማ የሌለው ሞዞ ብቻውን ወዲያ ወዲህ አለ።

«ማነው የሚያንቀሳቅሰው?» አለ ስጦታው ከሥር ደንግጦ።

«ማንም አያንቀሳቅሰውም» አለ ደምለው።

አቶ ልዑልሰገድ እንደገና አንገታቸውን አወጡ። «ማነው እናንተን አዛዥ ያደረጋችሁ? መሪው እኔ ጋ ነው።»

ደምለው የወለቀውን ጎማ እያንከባለለ በመስኮቱ ፊት ለፊት አመጣና በእጁ ደግፎ አቆመው።

«መሪውማ እርስዎ ጋ ነው» አለ። «ጎማው እኛ ጋ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዘው። ሳል አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስጦታው ሞዞውን ሊከፍት ሲዘጋጅ ኩሽኔታው መለወጥ እንዳለበት ተናገረ። ደምለው መለዋወጫ ኩሽኔታ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው የሹፌሩ ወንበር ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ወንበሩ ካልተነሳ ሳጥኑ አይከፈትም። ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ።

«ሊቀመንበር» አለ ደምለው፣ «መፍትሔው የተቀመጡበት ሥር ነው። ይነሱልን።»

«አልነሳም።»

«እንግዲያው እንጠብቃለን።»

ጠበቁ። ማንም አልለመናቸውም፣ ማንም አልሰደባቸውም። ሰው በአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አንዱ ቆሎ አወጣ፣ አንዷ ዳቦ ቆረሰች፣ የማይተዋወቁት ተዋወቁ። ሙሉ ቀን በአንድ መኪና ተሳፍረው ቃል ሳይለዋወጡ የሚለያዩ ሰዎች ያን ቀን በአንድ እፍኝ ቆሎ ዘመድ ሆኑ። ለስጦታውም ዘገኑለት። አቶ ልዑልሰገድ ከላይ ክላክሱን ይጫናሉ። መጀመሪያ እንደ በሬ ይጮኽ ነበር፣ ቆይቶ እንደ ፍየል ሆነ፣ ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ሲር ብሎ ጠፋ። ራዲዮውም አብሮት ዝም አለ። የመኪናው ውስጥ ሁሉ ዝም ሲል እታች የሚያወጋው ሰው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሯቸው ገባ።

ቆይተው ተነሱ። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። በበሩ ወረዱና ሞዞው አጠገብ ቆሙ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?» አሉ።

«እጅህን» አለች እማዋይሽ።

«ምን?»

«እጅህን አምጣ። በሩ ላይ ስትንጠለጠል የነበረ ጊዜ መዳሰሻ ስንደርስ ከሁላችን ቀድመህ የምትወርደው አንተ ነበርክ። ያኔ እጅህ ልጥ ነበር የሚመስል፤ ሆኖም ይሰማህ ነበር።»

አቶ ልዑልሰገድ መዳፋቸውን አዩት። ለስልሷል፤ ወንበር ሰውን ያለሰልሳል። ዘረጉና ሞዞውን ነኩት። ቆይቶም ገና አልበረደም ነበር፤ እጃቸውን መንጭቀው መለሱና ጣቶቻቸውን እፍ እፍ አሉ።

«አልተነገረኝም» አሉ ቀስ ብለው።

«ተነግሮህ ነበር» አለች እማዋይሽ። «ፀሐዩ ነው አልክ።»

ደምለው ወጥቶ ወንበሩን አነሳ፣ የተጠቀለለውን ኩሽኔታ አወጣ። ሞዞው በርዶ ሲከፈት ያ ሁሉ ግራሶ ጠቁሮ እንደ ዝቃጭ ቀጥኖ ነበር። ኩሽኔታውን ያየ ሰው ያሳዝነዋል። እነዚያ ደቃቅ ብረቶች ከግለት ብዛት ወይን ጠጅ መልክ ይዘዋል፤ ሆኖም አንዳቸውም ከቦታቸው አልወጡም። ቀለበታቸው ሊሰነጠቅ ደርሶ ሳለ ጭነቱን ይዘው እዚያ ድረስ አመጡን። ደምለው በጨርቅ ጠርጎ ኪሱ ከተታቸው።

አዲሱ ገባ፣ ግራሶውም በልኩ ተቀባ። ስጦታው ሞዞውን እያዞረ ዳዶውን አጠበቀ፣ አሁንም አጠበቀ። ከዚያ መፍቻውን እንደያዘ ቀና ብሎ ደምለውን አየ።

«መልስ» አለ ደምለው።

ስጦታው ጥቂት መለሰ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ዞሮ የቀሩትንም አንድ በአንድ ከፈታቸው፣ የተጠቀጠቀውን ግራሶ በጣቱ እየጠረገ አወጣ፣ ዳዶዎቹን መለሰ። ደምለው የወለቀውን ጎማ መልሶ አሰረና በአንድ ጣቱ ገፋ ቢያደርገው ዞረ፣ ዞረ፣ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«ይላላል እኮ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

«ሳይላላ አይዞርም» አለ ደምለው።

መኪናው ከክሪኩ ወረደ። ደምለው እጁን በጋዝ ታጠበ፣ ጨርቅ ላይ አደረቀ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለአቶ ልዑልሰገድ ዘረጋላቸው።

«ከዚህ መሪ ላይ ዛሬ ትወርዳለህ ብለውኝ ነበር» አለ። «ወርጃለሁ። ይኸው ቁልፉ።»

አቶ ልዑልሰገድ ቁልፉን አዩ። ከዚያ ሰዉን አዩ። በሩ ክፍት ነው፣ የሚሳፈር የለም። ወገቧ የተያዘባት ወገቧ ተፍታቷል፣ ጠጠሩ ከጫማው ወጥቷል፣ ጸሎቱ አልቋል፤ ሆኖም ሁሉም ቆሟል። የምታጠባዋ ልጇን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና ቆመች። አቶ ልዑልሰገድ ቁልቁለቱን አዩ። በዚያ መንገድ ባዶ አውቶቡስ ይዞ የወረደ ሊቀመንበር የት እንደሚደርስ ያሰቡ ይመስለኛል።

«ንዳ» አሉ።

የተነቃነቀ የለም።

«ንዳ ጋሼ» አሉ።

ያን ጊዜ ሰው መሳፈር ጀመረ። እትዬ እማዋይሽ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሌላውም በየቦታው ገባ። አቶ ልዑልሰገድ ወደ ሹፌሩ ጎን ወንበር ሲሄዱ የጌሾው ከረጢት ተቀምጦበታል፤ ጌሾ ሙቀት አይወድም፣ አይነሳም። ያልተያዘ ቦታ ከእማዋይሽ ጎን፣ ከጎማው በላይ ያለው ብቻ ነበር። እዚያ ተቀመጡ። እዚያ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ አንቱታው ይከብደዋልና ከዚህ ወዲያ ብተወው አይከፋውም።

ደምለው ቁልፉን አዞረ። የደከመ ባትሪ ነውና አልነሳ አለ፤ ጎልማሶቹ ወርደው ገፉት፣ ተነሳ። ቁልቁለቱን ጀመሩ። መጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ከወለሉ ሥር ያ የድሮ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ከአራቱም ማዕዘን። የተኛው ነቃ። ደምለው በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ሲል አየነው።

ልዑልሰገድ የተቃጠለ መዳፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ወለሉ ጎንበስ አለ።

«ይጮኻል» አለ።

«ይጩህ» አለች እማዋይሽ። «ዝም ያለ ቀን ነው ከመኪናው የምንወርደው።»